ሊነክስን በደመና ላይ መከራየት፦ ሒሳቡ ከወሎ ሲሠራ

በደሴ ከተማ ለሶፍትዌር ሠሪዎች፣ ለተማሪዎችና ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

ክቡራንና ክቡራት፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከላሊበላ ድረስ መጥታችሁ የተገኛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርእሳችን ኪራይ ነው። የሚከራየው ግን ፒያሳ ላይ ያለ ሱቅ ሳይሆን ፍራንክፈርት፣ ሄልሲንኪ ወይም ኬፕታውን ባለ የመረጃ ማእከል ውስጥ የተቀመጠ፣ ሊነክስ የተጫነበት ኮምፒውተር፣ ይበልጡን ጊዜም የዚያ ኮምፒውተር አንድ ክፋይ ነው፤ «ደመና» የሚባለውም ይኸው ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ «የትኛው ኩባንያ ይረክሳል?» እያላችሁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእሱ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም ኩባንያው ሒሳቡን በምን ይቆጥራል የሚለው ነው። ገቢውን በብር እየሰበሰበ ወጪውን በዶላር ለሚከፍል ሰው፣ በወሩ መጨረሻ ስንት እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማወቁ ጥቂት ዶላር ከመቆጠቡ ይበልጥበታል። ንግግሬ በሙሉ ይህንን ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ከሊነክስ ከራሱ ልጀምር። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ይህ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ በማግስቱ ዓመት ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሥር ከገባ ወዲህ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጭነው፣ ሊለውጠውና ሊያሰራጨው ይችላል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኢሲ2 በሚል ስም ሰርቨርን፣ ማለትም ለሌሎች ኮምፒውተሮች በመስመር አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተርን፣ በሰዓት ማከራየት ሲጀምርም መጀመሪያ ያቀረበው ሊነክስን ነበር። የፈቃዱ ነገር ዛሬም በዋጋው ላይ በግልጽ ይታያል። በአማዞን የቨርጂኒያ ማእከል ቲ3 ማይክሮ የምትባለው አነስተኛ ሰርቨር በሊነክስ ስትከራይ መደበኛ ዋጋዋ በሰዓት 0.0104 ዶላር ሲሆን፣ ያችው ሰርቨር በዊንዶውስ 0.0196 ዶላር ትጠየቅባታለች፤ ልዩነቱ የዊንዶውስ ፈቃድ ነው። ሊነክስ ሁሉ በነጻ ይገኛል ማለት ግን አይደለም፤ ሬድ ሃትና ሱሴ የተባሉት የሊነክስ ዓይነቶች ከነድጋፋቸው ሲመረጡ በኪራዩ ላይ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ አልማሊነክስና ሮኪ ሊነክስ አያስከፍሉም። ከእነዚህ መካከል የቱ ይሻላል በሚለው ክርክር ላይ ጊዜ አላጠፋም፦ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04 የአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ስላለው፣ ሌላ ምክንያት የሌለው ጀማሪ እሱን ቢጭን አይቆጨውም።

ወደ አቆጣጠሩ ልለፍ። ደሴ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው «ውኃና መብራትን ጨምሮ» በሚለው ኪራይና «ውኃና መብራት በራስህ» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ሳያስረዳው ያውቃል፤ የሰርቨር አከራዮችም በዚሁ መንገድ በሁለት ይመደባሉ። በመጀመሪያው ጎራ ያሉት፣ ለምሳሌ ዲጂታልኦሽን፣ ሊኖድ፣ ቫልተርና ሄትዝነር፣ ኮሩን (የሚያሰላውን ክፍል)፣ ራሙን (የሥራ ላይ ማኅደረ ትውስታውን)፣ ዲስኩንና በወር የሚፈቀደውን የዳታ መጠን በአንድነት ጠቅልለው በወር አንድ ዋጋ ይቆርጣሉ፤ በሙያው ቋንቋ ቪፒኤስ የምንለው ይህንን ነው። ዲጂታልኦሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረገው የዋጋ ለውጥ 5 ዶላር የነበረውን ጥቅል 6 ዶላር አድርጎታል፤ በዚህ ዋጋ 1 ኮር፣ 1 ጊጋባይት ራም፣ 25 ጊጋባይት ዲስክና በወር 1 ቴራባይት (1,000 ጊጋባይት) ከሰርቨሩ የሚወጣ ዳታ ይገኛል። ሄትዝነር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ደግሞ በ2024 ዓመት 2 ኮርና 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ሰርቨር በአውሮፓ ማእከሎቹ ግብር ሳይጨመር ከ4 ዩሮ በታች ያከራይ የነበረ ሲሆን፣ ከጥቅሉ ጋር በወር 20 ቴራባይት ይፈቅድ ነበር። በሁለተኛው ጎራ አማዞን፣ ማይክሮሶፍት አዡርና ጎግል ክላውድ አሉ። እነዚህ እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ይቆጥራሉ፦ ሰርቨሩ የሠራበትን ጊዜ ለብቻ፣ ዲስኩን ለብቻ፣ የኢንተርኔት አድራሻውን ለብቻ፣ ከሰርቨሩ የወጣውን ዳታም ለብቻ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንዲቷን ቲ3 ማይክሮ ይዘን እናስላ። የሰዓት ዋጋዋ 0.0104 ዶላር ነው ብለናል፤ ወሩን በ730 ሰዓት ብንወስደው 7.59 ዶላር ይሆናል። ብዙ ሰው ዋጋውን አይቶ የሚወስነው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ሰርቨሯ ያለ ዲስክ አትነሣም፤ 20 ጊጋባይት ጂፒ3 የሚባለው ዓይነት ዲስክ በጊጋባይት 0.08 ዶላር ሲታሰብ 1.60 ይጨመራል። ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማዞን አይፒቪ4 ለሚባለው ለእያንዳንዱ የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ስለሚያስከፍል ሌላ 3.65 ዶላር ይመጣል። ስለዚህ አንድም ሰው ገና ገጹን ሳይጎበኘው ሒሳቡ 12.84 ዶላር ደርሷል። የሚገርመው ግን ይኸው አማዞን ራሱ ላይትሴል በሚል ስም በመጀመሪያው ጎራ አቆጣጠር የሚያከራይ መሆኑ ነው፤ እዚያ 1 ጊጋባይት ራም፣ 40 ጊጋባይት ዲስክ፣ አድራሻና 2 ቴራባይት ዳታ በአንድነት 7 ዶላር ነው። እንግዲህ በአንድ ኩባንያ ቤት ውስጥ፣ በራም መጠን እኩል በሆኑ ሁለት ሰርቨሮች መካከል፣ የአቆጣጠር ልዩነት ብቻውን ዋጋውን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ዳታ ሲመጣ ነው፤ ለወሎ የሚቀርበውን ምሳሌም እዚህ ላይ ላንሣ። ከዳና፣ ከሾንኬና ከገታ ጀምሮ በየመንደሩ በካሴት የተያዘውን መንዙማ ሰብስበው በኢንተርኔት ለማሰማት የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ እንበል። ድምፁ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ቢጨመቅ አንድ ሰዓት መንዙማ 28.8 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው በወር 10 ሰዓት ቢያዳምጡ ከሰርቨሩ የሚወጣው 288 ጊጋባይት ነው፤ መንዙማ ወዳዱ የወሎ ሰው በየዓረብ አገሩ እንዳለ ስናስብ ይህ ቁጥር የተጋነነ አይደለም። በኢሲ2 የመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በነጻ ነው፤ የቀረው 188 ጊጋባይት በቨርጂኒያ ዋጋ በ0.09 ሲባዛ 16.92 ዶላር ይሆናል፤ በኬፕታውን ማእከል ዋጋው 0.154 ስለሆነ ወደ 28.95 ዶላር ይወጣል። ማለትም ዳታው ከሰርቨሩ ኪራይ በልጧል። በጥቅል ኪራይ ግን 288 ጊጋባይት ከተፈቀደው አንድ ቴራባይት ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ጥቅሉ ቢያልፍ እንኳ ዲጂታልኦሽን ለአንድ ጊጋባይት የሚጠይቀው 0.01 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ከዋጋ ዝርዝሩ ውጭ ያለ መፍትሔም አለ። ኦፐስ በሚባለው አጨማመቅ የሰው ድምፅ በሴኮንድ በ32 ኪሎቢት ጥራቱን ጠብቆ ይሰማል፤ ይህን ያደረገ ሰው የዳታ ሒሳቡን በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ የአድማጩንም የሞባይል ፓኬጅ አተረፈለት። ድቤው ያን ያህል ጥራት ይበቃዋል ወይ የሚለውን ለጆሮ አዋቂዎች እተወዋለሁ።

እንደ ሁለተኛው ጎራ በቆጣሪ የሚያከራዩት ኩባንያዎች መጥፎ ናቸው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሥራው ለአጭር ጊዜ ሲሆን እነሱ ይረክሳሉ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2017 ወዲህ አማዞን ሊነክስን ከአንድ ደቂቃ ያላነሰ ሆኖ በሴኮንድ ስለሚቆጥር፣ በዓመት አንዴ ብቻ ብዙ ኮር የሚፈልግ ሰው ለሁለት ሰዓት ተከራይቶ ይመልሳል። ከዚህም የሚረክስ ስፖት የሚባል ኪራይ አለ፤ ትርፍ የሆኑ ሰርቨሮች እስከ 90 በመቶ በሚደርስ ቅናሽ ይሰጣሉ፣ ነገር ግን ኩባንያው ሲፈልጋቸው በሁለት ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይወስዳቸዋል። የተሰበሰቡትን ካሴቶች ወደ ኦፐስ የመቀየሩ ሥራ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላልና። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታችሁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የምታሠለጥኑም ከሆነ፣ ሥራውን በየጊዜው እያስቀመጣችሁ በስፖት መሥራት ትችላላችሁ። የአንድ ወይም የሦስት ዓመት ውል በመግባት እስከ 72 በመቶ የሚደርስ ቅናሽም አለ። ስለዚህኛው ያለኝ አስተያየት ግን የማያወላዳ ነው፦ በዶላር ገቢ የሌለው ሰው ለሦስት ዓመት የዶላር ውል አይግባ።

ለምን ለሚለው የራሳችን ታሪክ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ዋዜማ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከ120 ብር አለፈ። 12 ዶላር የሚከራይ ሰርቨር የነበረው ሰው ኩባንያው ሳንቲም ሳይጨምርበት ከ684 ብር ወደ 1,440 ብር ተሸጋገረ ማለት ነው። ከደንበኞቹ ጋር የዓመት ውል በብር የተዋዋለ ሶፍትዌር ሠሪ ይህን ልዩነት ከኪሱ ከመሸፈን በቀር ምርጫ አልነበረውም። ስለዚህ ከደንበኛ ጋር ስትዋዋሉ የሰርቨሩን ወጪ ከድካማችሁ ዋጋ ለይታችሁ፣ በክፍያው ቀን ባለው ተመን እንደሚታሰብ ጻፉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ቅናሽ የበለጠ ታድናችኋለች።

ከምንዛሪው ቀጥሎ የካርዱ ጉዳይ ይመጣል። እነዚህ ኩባንያዎች በነጻ ለሚሞከረው አገልግሎት እንኳ ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃሉ፤ እዚህ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱን ካርድ ይለምናል። ዘመድ አይጨክንምና ካርዱ ይሰጣል፤ ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። አካውንቱ በዘመድየው ስምና ኢሜይል የተከፈተ ከሆነ በኩባንያው ዓይን የሰርቨሩ ባለቤት እሱ ነው፤ ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ሲቀየር ማሳሰቢያው የሚደርሰው ለእሱ ነው፤ እሱ ኢሜይሉን ሳያይ ቢቀር ሰርቨሩ መጀመሪያ ይታገዳል፣ ቀጥሎም ከነዳታው ይሰረዛል። ስለዚህ ካርዱ የዘመድ ቢሆን እንኳ አካውንቱ በራሳችሁ ስምና በድርጅታችሁ ኢሜይል ይከፈት፤ የኩባንያው ደንብ ይህን መፍቀዱን አረጋግጡ፤ ከተቻለም የሁለትና የሦስት ወር ክፍያ አስቀድማችሁ አስቀምጡ። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ያላችሁ ደግሞ ባንካችሁ ምን ዓይነት ካርድ እንደሚሰጥ ጠይቁ።

በቆጣሪ አከራይ ዘንድ የሰው ካርድ መጠቀም ደግሞ ድርብ አደጋ አለው። የበጀት ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ማስጠንቀቂያው ግን ኢሜይል ይልካል እንጂ በራሱ አገልግሎቱን አያቋርጥም። የዘመዳችሁ ደመወዝ የሚገባበትን ካርድ ጣሪያ ከሌለው ሒሳብ ጋር ማሰር ዝምድናን የሚፈትን ነገር ነው።

ስለ ቦታም የሚነሣ የተለመደ ግምት አለ፦ ሰርቨሩ አፍሪካ ውስጥ ቢሆን ይቀርበናል የሚል። አማዞን በኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2020፣ ማይክሮሶፍት በደቡብ አፍሪካ በ2019፣ ጎግል በጆሃንስበርግ በ2024 ማእከል ከፍተዋል። ይሁን እንጂ ከደሴ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ኬፕታውን ወደ 5,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ለፍራንክፈርቱ ደርሶ መልስ ከ52 ሚሊሴኮንድ በታች በየትኛውም ገንዘብ አይገዛም፤ ትክክለኛው የኬብል መንገድ ጠማማ ስለሆነ ጊዜው ከዚህ ይበልጣል። አማራጮቹን ከዚሁ ከደሴ ሆናችሁ፣ ደንበኞቻችሁ በሚጠቀሙበት መስመር፣ የደርሶ መልሱን ጊዜ በሚያሳየው በፒንግ ትእዛዝ ለኩ፤ ቀንም ማታም ለኩ። በካርታ ላይ ያለ ቅርበት አያታልላችሁ።

ተጠቃሚዎቹ ሁሉ አገር ውስጥ ከሆኑ ባሕር ማዶ መሄድ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም የሰርቨር ኪራይ ያቀርባል፤ በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉ ኩባንያዎች የራሱ ማሽን ላለው ድርጅት ቦታ፣ ኃይልና መስመር ያከራያሉ። ክፍያው በብር መሆኑና ዳታው ድንበር አለመሻገሩ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲጎዱ እንደታየው የባሕሩ መስመር ሁልጊዜ የሚተማመኑበት አይደለም። የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ የያዘ ሰው ደግሞ ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቦ፣ መረጃው ከአገር መውጣት መቻል አለመቻሉን ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገር። በአገር ውስጥ አማራጭ ላይ ያለኝ ቅሬታ የዋጋ ዝርዝሩ ከአከራይ አከራይ በእኩል ግልጽነት አለመቅረቡ ነው፤ ዋጋ ስትጠይቁ ዳታ፣ አድራሻና መጠባበቂያ ቅጂ በውስጡ መኖራቸውን በጽሑፍ አስመልሱ።

አሁን አነስተኛ ሰርቨር ምን ያህል እንደምትችል ቀረብ ብለን እንይ። 1 ጊጋባይት ራም ባላት ሰርቨር ላይ የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስና ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል አብረው ሲጫኑ መጀመሪያ የሚያልቀው ራሙ ነው። ጎብኚ ሲበዛ የሊነክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሥርዓቱን ለማትረፍ ብዙ ራም የያዘውን ሂደት (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ይገድላል፤ ያ ሂደት ብዙ ጊዜ ዳታቤዙ ራሱ ስለሆነ ገጹ ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልቻልኩም የሚል መልእክት ያሳያል። ይህን ያየ ሰው ኩባንያውን ከመውቀሱ በፊት ፍሪ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ በመጨረሻው ዓምድ ያለውን ቀሪ ራም ይመልከት፤ 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይል (ዲስክን እንደ ራም የሚያገለግል) መፍጠርና የዳታቤዙን የራም ድርሻ መቀነስ ብዙ ጊዜ ለጊዜው ያስተነፍሳል። አብሽሩ፣ ሁሉም ችግር በትልቅ ሰርቨር አይፈታም።

ኮሩም የራሱ ሥውር ሒሳብ አለው። ቲ3 ማይክሮ ሁለት ኮር አላት ቢባልም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ዘወትር የምትሠራበት መጠን ከየኮሩ 10 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትሠራው ሥራ ፈትታ ባጠራቀመችው ክሬዲት ነው። ክሬዲቱ ሲያልቅ ቲ3 በነባሪ ቅንብሯ አትዘገይም፤ ለትርፉ ሥራ ለአንድ ኮር በሰዓት 0.05 ዶላር ታስከፍላለች፤ ይህም ከራሷ የሰዓት ዋጋ ወደ አምስት እጥፍ ነው። በጥቅል ኪራይ ደግሞ ኮሩ ከጎረቤት ተከራዮች ጋር የጋራ ስለሆነ ክፍያ ሳይሆን መዘግየት ይመጣል፤ ቶፕ በሚለው ትእዛዝ ውስጥ «ኤስቲ» የተባለው ቁጥር በየጊዜው ከፍ ብሎ ከታየ ጎረቤት እየተሻማችሁ ነውና ቦታ ቀይሩ።

ስለ ማጥፋትም አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎች በብዛት የሚከፍሉት በዚህ ነው። የዲጂታልኦሽን ሰርቨር መዘጋቱ ሒሳቡን አያቆመውም፤ የሚቆመው ሲሰረዝ ነው። በኢሲ2 ሰርቨሩ ሲቆም የሰዓቱ ክፍያ ይቆማል፤ ዲስኩና በስማችሁ የተያዘው ቋሚ አድራሻ ግን መቁጠራቸውን ይቀጥላሉ።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ዲጂታልኦሽን ለሳምንታዊ ቅጂ የሰርቨሩን ዋጋ 20 በመቶ ይጨምራል፤ በ6 ዶላር ላይ 1.20 ማለት ነው፤ ለዚህ አትሰስቱ። ግን እሱ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ሰርቨር አከራይ የመረጃ ማእከል ሲቃጠል፣ ቅጂአቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። አንድ ቅጂ በሌላ ኩባንያ ዘንድ፣ አንድ ደግሞ ቢሮ ባለ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ዳታ ወደ ሰርቨር ሲገባ አብዛኛዎቹ ኩባንያዎች አያስከፍሉም፤ የሚያስከፍሉት ሲወጣ ነውና ቅጂውን የምታወርዱበትን መጠን በሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

በመጨረሻ ከላሊበላ የመጡ የሆቴል ባለቤቶች ላነሡት ጥያቄ መልስ ልስጥ። የእናንተ ገጽ ዓመቱን ሙሉ ጭር ብሎ ለገና ሰሞን ይጨናነቃል። ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ሰርቨር መከራየት አያስፈልጋችሁም፤ የ6 ዶላሩን ጥቅል ይዛችሁ ቆዩ፤ ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ 2 ጊጋባይት ራም ወዳለው የ12 ዶላር ጥቅል አሳድጉት። ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃ ስለሚዘጋ ሌሊት አድርጉት። በሚያሳድገው ገጽ ላይ ሁለት ምርጫ ይመጣላችኋል፤ አንደኛው ኮርና ራም ብቻ፣ ሁለተኛው ዲስክንም ጨምሮ ነው። የመጀመሪያውን ምረጡ። እንግዶቹ ተመልሰው ሲሄዱ ወደ 6 ዶላሩ መውረድ የሚቻለው በእሱ ብቻ ነው፤ አንዴ ያደገ ዲስክ አይቀነስምና።